የቢማሪስታን በር፦ ሙስሊም ከተሞች የታመመን አእምሮ እንዴት ያክሙ ነበር?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



አንድ ቀን ከመግሪብ ሶላት በኋላ አንዲት እናት የ16 ዓመት ልጃቸውን ይዘው ወደምናገለግልበት መስጊድ መጡ። ልጁ ትምህርት ካቆመ ሁለት ወር አልፎታል። ሌሊት አይተኛም፤ ቀን ከአልጋው አይነሳም፤ ከወንድሞቹ ጋር ማዕድ መቅረብ ትቷል። «ኡስታዝ፣ ዐይን በልቶት ነው፤ እባካችሁ ቁርኣን ቅሩበት» አሉን። ቀራንበት። በሳምንቱም ደግመን ቀራንበት። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ «ኢማንህን አጠንክር፣ ሶላትህን ጠብቅ፣ ስልክህን ቀንስ» ብለን መከርነው። አንገቱን ደፍቶ ሰማን። ከዚያ በኋላ አልመጣም።

ይህን የምናነሳው በእናቱ ፈቃድ ነው፤ ቤተሰቡን ለመውቀስም አይደለም። የሚወቀስ ካለ እኛ ነን። በሦስቱ ቀን ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳን «ምን ይሰማሃል?» ብለን አልጠየቅነውም። ሐኪም ያየው እንደሆነ አልጠየቅንም። ኋላ እናቱን መንገድ ላይ አግኝተን ለምን ወደ ሕክምና እንዳልወሰዱት ስንጠይቃቸው «ሆስፒታል ከወሰድኩት ሰፈሩ እብድ ይለዋል፤ የግል ክሊኒክ ልውሰደው ብል ደግሞ አቅሜ አይችልም» አሉን።

በዚህች አጭር መልስ ውስጥ ሁለት የተዘጉ በሮች አሉ። አንዱ ነውር ነው፤ ሌላው ድህነት። ወደ መድረሳ ተመልሰን የታሪክ ኪታቦችን ስናገላብጥ ያገኘነው ነገር ግን አስገረመንም፣ አሳፈረንም። ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት የነበሩ ሙስሊም ከተሞች እነዚህን ሁለት በሮች ለመክፈት ገንዘባቸውን፣ ዕውቀታቸውንና ወቅፋቸውን አውጥተው ነበር። ዛሬ ያንን ታሪክ እናካፍላችኋለን።

▪️ ድንኳኑ የተተከለው መስጊድ ውስጥ ነበር

በሒጅራ 5ኛው ዓመት በኸንደቅ ዘመቻ ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ) በቀስት ተመትተው ክንዳቸው ላይ ክፉኛ ቆሰሉ። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) በቅርብ ሆነው እንዲጠይቋቸው መስጊዱ ውስጥ ድንኳን አስተከሉላቸው። የሲራ ጸሐፊዎች በዚያ ድንኳን ቁስለኞችን ትንከባከብ የነበረችውን ሩፈይዳ አል-አስለሚያን (ረ.ዐ) በስም ያወሳሉ። ልብ በሉ፦ በኢስላም ታሪክ ውስጥ ከምናውቃቸው የመጀመሪያዎቹ የሕክምና ቦታዎች አንዱ የቆመው በመስጊድ ግቢ ውስጥ ነው። ታማሚ መስጊድን የሚያስነውር ሰው አልነበረም፤ መስጊዱ የሚያስጠጋው ሰው ነበር።

ታከሙ፣ አላህ ያለ መድኃኒት ያወረደው በሽታ የለም የሚለውን የሐዲስ መልእክት ሁላችንም ከሚንበር ሰምተነዋል። ይህ ትእዛዝ የሆድና የእግር በሽታን ብቻ ብሎ አልለየም። እንዲያውም ሐዘንን በተመለከተ ለብቻው የመጣ ነገር አለ። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ከቤተሰባቸው ሰው ሲሞት ተልቢና የምትባለውን የገብስ አጥሚት አሠርተው ለሐዘንተኞች ያቀርቡ ነበር፤ የታማሚን ልብ እንደምታሳርፍና ከሐዘንም ከፊሉን እንደምታስወግድ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰምተዋልና። እንግዲህ ያዘነ ልብ ተልቢና ተሠርቶ የሚቀርብለት እንጂ ቁጣ የሚወርድበት አልነበረም።

ነቢዩላህ የዕቁብ (ዐ.ሰ) በልጃቸው ሐዘን ዐይኖቻቸው እስኪነጡ ድረስ እንዳዘኑ በሱረቱ ዩሱፍ እናነባለን። «ኢማናቸው ደክሞ ነው» የሚል አለን? የለም። ታዲያ የጎረቤታችን ልጅ ሲያዝንና ሲጨነቅ ይህን ቃል ለመናገር ለምን እንፈጥናለን?

ፊቅሃችንም ቢሆን ለዚህ ቦታ አለው። ብዕር ከሦስት ሰዎች ላይ እንደተነሳ፣ ከነሱም አንዱ አእምሮው እስኪመለስ ድረስ አእምሮውን የሳተ ሰው እንደሆነ ተምረናል። ዑለሞች ከዚህ ተነስተው ንብረቱ እንዲጠበቅለት፣ ወሊይ እንዲኖረው፣ በወንጀል እንዳይጠየቅ ደነገጉ። ሌላው ብዕር የሚነሳለት ደግሞ ያልደረሰ ልጅ ነው። ባሊግ የሆነ ዕለት ብዕሩ መጻፍ ይጀምራል። እኛም ከዚያች ዕለት ጀምሮ የልጁን ወንጀል መቁጠር እናውቅበታለን፤ ሕመሙን መቁጠር ግን ረስተናል።

▪️ ሮማኑን የወረወረው ታማሚ

ቢማሪስታን የሚለው ቃል ከፋርስኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ የታማሚዎች ቦታ ማለት ነው። በ259 ዓ.ሂ (እ.ኤ.አ. 872/73 ገደማ) የግብፅ ገዥ አሕመድ ኢብኑ ጡሉን ዛሬ ካይሮ በምንላት ከተማ አንድ ትልቅ ቢማሪስታን አሠራ። የታሪክ ጸሐፊው አል-መቅሪዚ ስለ ደንቡ የጻፈው እጅግ የሚገርም ነው። ወታደርና የቤተ መንግሥት መምሉክ እንዳይታከምበት ተከለከለ፤ እነሱ ሌላ የሚያክማቸው አላቸውና ቦታው ለተራው ሕዝብ ነበር። ታማሚው ሲገባ ልብሱና ገንዘቡ በአደራ ጠባቂ ዘንድ ይቀመጣል፤ የቢማሪስታኑ ልብስ ይሰጠዋል፤ አልጋ ይዘጋጅለታል፤ ምግብና መድኃኒት በነጻ ያገኛል። አንድ ዶሮና አንድ ዳቦ መብላት ሲችል እንደዳነ ይቆጠርና አደራው ተመልሶለት ይሸኛል። ለወንድና ለሴት የተለያዩ መታጠቢያ ቤቶችም ነበሩት።

በዚህ ቢማሪስታን ውስጥ አእምሯቸው ለታመመ ሰዎች የተለየ ክፍል ነበር። ኢብኑ ጡሉን በየጁሙዓው እየመጣ ታማሚዎችን ይጎበኝ ነበር ይላል አል-መቅሪዚ። አንድ ቀን ከአእምሮ ሕሙማኑ አንዱ «አሚር ሆይ፣ ሮማን አምሮኛል» አለው። አሚሩ ትልቅ ሮማን እንዲሰጠው አዘዘ። ሰውየው ሮማኑን በእጁ ካገላበጠ በኋላ በአሚሩ ደረት ላይ ወረወረው፤ ልብሱም በሮማን ጭማቂ ተበላሸ። አሚሩ ታማሚውን እንዲጠብቁት ብቻ አዝዞ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ሊጎበኝ አልተመለሰም።

ይህ ታሪክ ሁለት ገጽ አለው። አንደኛው፣ በዚያ ዘመን የአገር ገዥ በሳምንት አንድ ቀን ከአእምሮ ታማሚ አጠገብ መቆሙ ነው። ሁለተኛው፣ አንድ ሮማን እንዳይመለስ ማድረጉ ነው። እኛም ብንሆን እንደዚሁ ነን። የታመመ ልጅ አንድ ጊዜ ሲቆጣን ወይም ሲሳደብ ተቀይመን እንቀራለን። ኢብኑ ጡሉን ግን እሱ ቢቀርም ቢማሪስታኑን አልዘጋውም፤ ሐኪሙም መድኃኒቱም አልተቋረጠም። ርኅራኄያችን ሲደክም ሥራውን የሚያስቀጥለው ተቋም ነው።

▪️ ድሃውን ፍለጋ የወጡ ሐኪሞች

በ10ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በባግዳድ ዐሊይ ኢብኑ ዒሳ የሚባል ወዚር ነበር። የሐኪሞች አለቃ ለነበረው ለሲናን ኢብኑ ሣቢት አንድ ደብዳቤ ጻፈለት። የደብዳቤው ሐሳብ ይህ ነበር፦ እስር ቤት ያሉ ሰዎች ቁጥራቸው ብዙ፣ ቦታቸውም አስቸጋሪ ስለሆነ መታመማቸው አይቀርም፤ ወጥተው ሐኪም ማግኘት ግን አይችሉም፤ ስለዚህ በየቀኑ ሐኪም መድኃኒት ይዞ ይግባላቸው። ሌላም ደብዳቤ አስከተለ። ሐኪም በሌለባቸው የገጠር መንደሮች ሐኪሞች የመድኃኒት ሳጥን ይዘው ከቦታ ቦታ እየተዘዋወሩ እንዲያክሙ የሚያዝዝ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ወዚሩ «ሐኪም ቤቱ ክፍት ነው፤ የፈለገ ይምጣ» አላለም። መምጣት የማይችለው ማን ነው ብሎ ጠየቀ። ዛሬ የጤና ባለሙያዎች በሀብታምና በድሃ፣ በመሀል ከተማና በዳር ሰፈር መካከል ስላለው የጤና ልዩነት ሲናገሩ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።

በዚያው ዘመን የኖረውና የረይና የባግዳድ ቢማሪስታኖችን የመራው አቡ በክር አር-ራዚ ሐኪም ማግኘት ለማይችል ሰው የሚሆን ኪታብ ጻፈ። ቤት ውስጥና ገበያ ላይ በቀላሉ በሚገኝ ነገር እንዴት መታከም እንደሚቻል የሚያስተምር ነው። በቱኒዝያዋ ቀይረዋን ደግሞ ኢብኑል ጀዛር ለድሆችና ለሚስኪኖች የሚሆን የሕክምና ኪታብ አዘጋጀ፤ ስለ ልጆች አያያዝም ለብቻው ጻፈ። ታላላቆቹ ሐኪሞች ብዕራቸውን ለኸሊፋ ብቻ ሳይሆን ኪሱ ባዶ ለሆነም ሰው አነሱ።

የዚህ ሁሉ ማማ የካይሮው አል-መንሱሪ ቢማሪስታን ነው። ሱልጣን ቀላዉን ገና አሚር ሳለ ደማስቆ ላይ ታምሞ ከኑረዲን ዘንጊ ቢማሪስታን በመጣ መድኃኒት ታከመ። ያንን ቢማሪስታን ኑረዲን በ549 ዓ.ሂ (እ.ኤ.አ. 1154) ነበር የመሠረተው። ቀላዉን ሲድን፣ አላህ ሥልጣን ከሰጠው እንዲህ ያለ ቤት ሊሠራ ነዝር ገባ። በ683 ዓ.ሂ (እ.ኤ.አ. 1284) ነዝሩን ሞላ።

የወቅፍ ሰነዱ ዛሬ ሲነበብም ያስደንቃል። ወንድና ሴት፣ ሀብታምና ድሃ፣ የአገሩ ሰውና እንግዳ ሳይለይ ሁሉም እንዲታከም ይደነግጋል። ታማሚ እስኪድን ድረስ ይቆያል፤ የቀን ገደብ የለውም። የእያንዳንዱ ሰው ምግብ ከሌላው ጋር ሳይቀላቀል ለብቻው በሳህን ተከድኖ ይቀርባል። ለሙቀት ጊዜ ከዘንባባ የተሠራ ማራገቢያ ይገዛል። ቤቱ ለተኛ ድሃም መድኃኒትና ምግብ ይላክለታል። የሞተም እንደሆነ ከፈንና ቀብሩ በወቅፉ ወጪ ይፈጸማል። ለአእምሮ ሕሙማንም የራሳቸው ቦታ ነበራቸው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣ ነበር? ከሱቆች፣ ከሐማሞች፣ ከመሬቶች ኪራይ። ባለ ንብረቱ ንብረቱን ለአላህ ብሎ ያቆመዋል፤ ኪራዩ በየወሩ ሐኪሙንና መድኃኒቱን ይከፍላል። ድሃው ሲታመም ማንንም መለመን አይጠበቅበትም። የወቅፍ ምስጢሩ ይህ ነው፤ ታማሚውን ከልመና ያድነዋል።

እውነቱን ለመናገር የቀላዉን ሥራ ከእንከን የጸዳ አልነበረም። ግንባታውን በፍጥነት ለማድረስ ሰዎች በግድ ድንጋይ እንዲሸከሙ መደረጋቸውን፣ በዚህም የተነሳ ቅሬታ መነሳቱን ራሱ አል-መቅሪዚ ጽፏል። ታሪካችንን ስንወድ እንዲህ ያለውንም ሳንደብቅ መሆን አለበት።

▪️ ነፍስም እንደ አካል ትታመማለች

«እሺ፣ ሆስፒታሉ ነበረ። የአእምሮ ጭንቀትን ግን እንደ በሽታ ያውቁት ነበር?» የሚል ይኖራል። ሦስት ሰዎችን እናንሳ።

የመጀመሪያው አቡ ዘይድ አል-በልኺ ነው። በ322 ዓ.ሂ (እ.ኤ.አ. 934) አካባቢ ያረፈ ዓሊም ሲሆን ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና አንድ ኪታብ ጽፏል። ቅጂው ኢስታንቡል በአያሶፊያ ስብስብ ውስጥ ተጠብቆ ቆይቷል። ከኪታቡ አንዱን ክፍል ለነፍስ ሰጥቶ ስለ ቁጣ፣ ስለ ፍርሃት፣ ስለ ሐዘንና ስለ ወስዋስ ለየብቻ ያስረዳል። ሐዘንን ለሁለት ይከፍለዋል። አንዱ ምክንያቱ የሚታወቅ ነው፤ ለምሳሌ የሚወዱትን ማጣት። ሌላው ሰውየው ራሱ ምክንያቱን የማያውቀው፣ ከአካል የሚመጣ ነው፤ ለዚህኛው የአካል ሕክምናም ያስፈልጋል ይላል። ወስዋስ የያዘው ሰው ለብቻው እንዳይሆን ይመክራል። ሰው በጤናው ጊዜ መድኃኒት ቤቱ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፣ በተረጋጋበት ጊዜም ለክፉ ቀን የሚሆኑ መልካም ሐሳቦችን እንዲያከማች ያስተምራል። ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት!

ሁለተኛው ኢብኑ ሲና ነው። አል-ቃኑን በተባለው ታላቅ ኪታቡ ስለ ፍቅር ሕመም ሲጽፍ፣ ታማሚው የሚደብቀውን ነገር የእጁን የደም ሥር ይዞ ስሞችን በመጥራት ማወቅ እንደሚቻል፣ እሱም እንደሞከረው ይናገራል። ኋላ የመጡ ጸሐፊዎች ደግሞ በጉርጋን ከተማ ሐኪሞች ሁሉ ስላቃታቸው አንድ ወጣት ይተርካሉ። ኢብኑ ሲና የልጁን እጅ ይዞ የሰፈሮችን፣ የመንገዶችን፣ የቤቶችን ስም አስጠራ፤ የልቡ ምት በተለወጠ ቁጥር ወደ ምስጢሩ ቀረበ። ትረካው ምን ያህል እንደተዋበ አላህ ያውቃል። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው። የዘመኑ ታላቅ ሐኪም ዝም ካለ ወጣት አጠገብ ተቀምጦ፣ እጁን ይዞ፣ ሳይገስጽ ምስጢሩን ፈለገ። እኛ ያንን የ16 ዓመት ልጅ እጁን አልያዝንም።

ሦስተኛው ኢማም አል-ገዛሊ ናቸው። በ488 ዓ.ሂ (እ.ኤ.አ. 1095) በባግዳድ የኒዛሚያ መድረሳ አስተማሪ ሳሉ፣ ዕድሜያቸው ገና በሠላሳዎቹ ውስጥ ሳለ፣ ስድስት ወር ገደማ በታላቅ ጭንቀት ውስጥ ቆዩ። ምላሳቸው ታስሮ ማስተማር አቃታቸው፤ ምግብ መዋጥ ተሳናቸው፤ ሐኪሞች ነገሩ ከልብ የመጣ ነው ብለው ተስፋ ቆረጡ። ይህን ጠላት አላወራባቸውም፤ ራሳቸው በኪታባቸው ጽፈውታል። ሑጀቱል ኢስላም የተባሉ ሰው ያልደበቁትን እኛ ከጎረቤት እንደብቃለን።

«ጂን ቢሆንስ?» ለሚል ደግሞ ኢብኑል ቀይም (ረሒመሁላህ) ዛዱል መዓድ ላይ ያስቀመጡትን እናስታውስ። መውደቅና መንፈራገጥ ሁለት ዓይነት እንደሆነ፣ አንዱ ከክፉ መናፍስት፣ ሌላው ከአካል መታወክ እንደሚመጣና ሁለተኛውን ሐኪሞች እንደሚያክሙት ጽፈዋል። በሩቅያ የሚያምኑ፣ ሩቅያን ያስተማሩ ዓሊም ናቸው ይህን የለዩት። ሩቅያ ሐቅ ነው። ሐኪምን የሚያስቀር ግን አይደለም።

▪️ ሰንሰለቱም ነበረ

ይህን ሁሉ ስንል ያ ዘመን ጀነት ነበረ ማለታችን አይደለም። የአንደሉሱ መንገደኛ ኢብኑ ጁበይር በ1183 እና በ1184 (እ.ኤ.አ.) ካይሮንና ደማስቆን ጎብኝቶ ቢማሪስታኖቹን እጅግ አሞግሷል። ሐኪሞቹ በየማለዳው እየዞሩ እንደሚያዩ፣ የታማሚዎች ስምና ወጪ በመዝገብ እንደሚጻፍ ይነግረናል። ነገር ግን በደማስቆ የአእምሮ ሕሙማኑ ሕክምና እያገኙ በሰንሰለት ታስረው እንደነበርም አልደበቀም። በካይሮም ክፍላቸው የብረት መስኮት ነበረው።

የሄዱበት አቅጣጫ ግን ወደ ርኅራኄ ነበር። በሐለብ በ1354 (እ.ኤ.አ.) የተሠራው የአርጉን ቢማሪስታን ውኃ የሚፈስባቸው ጸጥ ያሉ ግቢዎች ነበሩት። በኤዲርኔ ሱልጣን ባየዚድ ሁለተኛ ያሠሩትና በ1488 (እ.ኤ.አ.) የተጠናቀቀው ሕንጻ መሀሉ ላይ በጉልላት ሥር ፏፏቴ ነበረው። መንገደኛው ኤቭሊያ ቸለቢ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሲጎበኘው፣ ለሕሙማኑ ማረጋጊያ በሳምንት ሦስት ቀን ዜማ ይሰማ እንደነበር ጽፏል። የሙዚቃ መሣሪያ ሑክም የዑለሞች ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አንገባበትም። ልናነሳው የፈለግነው የታመመ ሰው ምን ያሳርፈዋል ብለው መጨነቃቸውን ነው። ያ ሕንጻ ዛሬ የጤና ሙዚየም ሆኗል።

ታዲያ ምን ሆነ? ወቅፉ ደረቀ። ንብረቶቹ በረጅም ኪራይ ተያዙ፣ ተሸጡ፣ ተዘረፉ፣ ወይም መንግሥት ወሰዳቸው። በ1798 (እ.ኤ.አ.) ፈረንሳዮች ካይሮ ሲገቡ ታላቁ አል-መንሱሪ ተጎሳቁሎ ጥቂት ሕሙማንን ብቻ ይዞ አገኙት። ዛሬ በዚያው ቦታ የዓይን ሆስፒታል አለ፤ የአእምሮው ክፍል ግን ታሪክ ሆኗል። ገንዘቡ ሲጠፋ ዕውቀቱም ተረሳ፤ ዕውቀቱ ሲረሳ ነውሩ ቦታውን ያዘ።

▪️ ወደ ከተማችን ስንመለስ

በአዲስ አበባ፣ ከመርካቶ ብዙም ሳይርቅ፣ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተጀመረ ሲሆን ለብዙ አሥርተ ዓመታት በአገራችን ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። የአእምሮ ነርሶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። የአእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን የተጀመረው ደግሞ በ2003 (እ.ኤ.አ.) በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚያ በፊት ሐኪሞቻችን ውጭ አገር ሄደው ነበር የሚማሩት። ይህን ሥራ የተሸከሙ ባለሙያዎችን አላህ ይርዳቸው።

እኛስ ምን አደረግን? የሆስፒታሉን ስም ስድብ አደረግነው። «አማኑኤል ግባ» እየተባባልን ያደግን ትውልድ ነን። ከዚያ በኋላ ልጃችን ሲታመም በዚያ በር መግባት ሞት መስሎ ታየን።

የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ከሆኑ ልጆች ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበት ይገልጻል። ይህንን ቁጥር በየመድረሳችሁ ክፍል አስሉት። ሠላሳ አምስት ልጆች ቁጭ ብለው ቁርኣን ሲቀሩ አምስቱ ማለት ነው። የከተማው ኑሮም ይጨምርበታል። በአንድ ክፍል ቤት ስድስት ሰው ይተኛል፤ የቤት ኪራይ በየጊዜው ይንራል፤ ሰፈር ሲፈርስ ልጁ ከጓደኞቹና ከመስጊዱ ተነቅሎ ወደማያውቀው ዳር ይሄዳል። ፈተናውም አለ። በ2014 ዓ.ም የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ቤታቸው ገብተው ምን እንደተሰማቸው ስንቶቻችን ጠየቅን?

ሕመሙ ሀብታምና ድሃ አይለይም፤ ሕክምናው ግን ይለያል። ያለው ሰው ልጁን በመኪናው ይዞ የግል ሐኪም ዘንድ ይሄዳል፤ ማንም ሳያውቅ ይመለሳል። የሌለው የቀን ሥራውን ትቶ፣ ሁለት ታክሲ ተሳፍሮ፣ ወረፋ ይጠብቃል፤ መድኃኒቱ ካለቀ ለመመለስ ትራንስፖርት ያጣል። ዐሊይ ኢብኑ ዒሳ ቢኖር ኖሮ «መምጣት የማይችለው ማን ነው?» ይል ነበር።

▪️ ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ቢማሪስታን ሥሩ አንልም። ከእጃችን ያለውን እንጀምር።

1ኛ) እንጠይቅ፣ እናዳምጥ። ልጅ ከተለወጠ፣ ካልተኛ፣ ካልበላ፣ ከሰው ከሸሸ ከምክር በፊት ጥያቄ ይቅደም። ስለ ሞት ወይም ራሱን ስለመጉዳት ከተናገረ ደግሞ ለቀጠሮ አናቆየው፤ ብቻውን ሳንተወው ያንኑ ሰዓት በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል እንውሰደው።

2ኛ) ሩቅያ የምንቀራ ሰዎች «ሐኪም አይቶሃል?» የሚለውን የመጀመሪያ ጥያቄያችን እናድርገው። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት አቁም ማለት የእኛ ሥልጣን አይደለም፤ ይህን ያለ ሰው በአላህ ፊት ይጠየቅበታል።

3ኛ) ሴቶች ልጆቻችንን እናስብ። አንዲት የ15 ዓመት ልጅ ጭንቀቷን ለኢማሙ ለመንገር ወንዶች ሶፍ አልፋ አትመጣም። በየመስጊዱ አንዲት የታመነች ኡስታዛ ምስጢር ተቀባይ ትሁን።

4ኛ) ትንሽ ወቅፍ እናቁም። አንድ የመስጊድ ሱቅ ኪራይ ከሚያስገባው ከፊሉ፣ ወይም በየጁሙዓው የሚዞር አንድ የሰደቃ ሣጥን ለታማሚ ትራንስፖርትና መድኃኒት ይመደብ። እድሮቻችን ለቀብር ያሏቸውን ያህል ለሕያው ታማሚም ይኑራቸው። በወረዳ ያለውን የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ያልተመዘገበ ጎረቤት እንዲመዘገብ እናግዝ፤ አቅም ለሌላቸው ወጪው የሚሸፈንበት አሠራር አለው። ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር መሄድ እንደሚቻልም እንንገራቸው።

5ኛ) ምላሳችንን እንጠብቅ። በኹጥባም፣ በቀልድም፣ በፌስቡክም የአእምሮ ታማሚን መሳለቂያ ማድረግ ይብቃ።

በመጨረሻ ስለዚያ ልጅ። ከእናቱ ጋር ከተነጋገርን በኋላ ከሸይኻችን ጋር ሆነን ቤቱ ሄድን። ሸይኻችን አልመከሩትም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው እጁን ያዙና «ልጄ፣ የትኛው ሰዓት ነው የሚከብድህ?» አሉት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «ፈጅር ሲቃረብ» አለ። ከፈጅር በፊት ያለውን ጨለማ እያንዳንዱን ደቂቃ እየቆጠረ እንደሚያድር ነገራቸው። በሳምንቱ ከጀመዓው አንድ ወንድም ጤና ጣቢያ ወሰደው፤ ከዚያ ወደ ሆስፒታል ተላከ፤ ትራንስፖርቱን አራት ሰዎች ተካፍለው ከፈሉ። ድኗል ብለን ታሪኩን አናሳምረውም። ሕክምናውን እየተከታተለ ነው፤ ጥሩ ቀንም መጥፎ ቀንም አለው። አንዳንድ ጁሙዓ ከኋላ ሶፍ እናየዋለን። እናቱም ዛሬ ሆስፒታሉን በስሙ ይጠሩታል።

አላህ ሕሙማንን ሁሉ ያሽርልን፤ ለተጨነቁ ወጣቶች እፎይታን፣ ለወላጆቻቸው ሶብርን፣ ለሐኪሞቻቸው ብርታትን ይስጥልን። ወቅፋችንንም ርኅራኄያችንንም ይመልስልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።